ግርማሜ ንዋይና የትምህርት ዕዳ

በጎጃም የቆየ የትምህርት ልማድ አለ። አንድ ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ለዜማ ወይም ለቅኔ ሲደርስ የአባቱን ቤት ትቶ ይወጣል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ወደ ዲማ መምህር ፍለጋ ይጓዛል። የዕለት ምግቡን ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ ይለምናል። በዚህ ልማድ ደህና ጥሪት ያለው ሰው ልጅም ቢሆን ከድኻው ልጅ ጋር ቁራሽ እንጀራ ይለምን፣ በአንድ ጎጆ ያድር፣ ከአንድ መምህር እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። ቅኔው የተበላሸበት ተማሪ የአባቱን ስም ቢጠራ ቅኔው አይቃናለትም። እርግጥ ይህ ትምህርት ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም፤ በተለይ ለሴቶች ልጆች በሩ እጅግ ጠባብ ነበር። የሆነ ሆኖ ለገባው ሁሉ የሚጠይቀው ጥረት አንድ ዓይነት ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂቶች፣ ያሉትም በአብዛኛው በአዲስ አበባና በዋና ዋና ከተሞች ነበሩ። በትምህርት የሚገኘው ጥቅም ግን ትልቅ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ሹመት፣ ደመወዝና ክብር ይጠብቁት ነበር። ስለዚህ በዚያ ጠባብ በር ማን ይግባ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅና በአዲስ አበባ በባለሥልጣን ቤት የሚያድግ ልጅ አእምሯቸው እኩል ቢሆንም በሩ የሚገኘው ለሁለቱም በእኩል ርቀት አልነበረም። በሩ ቅርብ ሆኖላቸው ከገቡት ወጣቶች መካከል አንዱ ግርማሜ ንዋይ ነበሩ። የእርሳቸውን ታሪክ ከብዙዎች ታሪክ የሚለየው ነገር በዚያ በር ከገቡና ከወጡ በኋላ ያደረጉት ነው።

ግርማሜ ንዋይ በ1916 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተወለዱ። ወገናቸው ሞጃ ተብሎ ከሚታወቀው የሸዋ መኳንንት ቤተሰብ ነው። የሞጃ ወገን በቤተ መንግሥት የታወቀ፣ በጋብቻና በሹመት ከታላላቅ ሰዎች ጋር የተሳሰረ ነበር። ታላቅ ወንድማቸው መንግሥቱ ንዋይ የውትድርናን ሙያ መርጠው በማዕርግ ከፍ እያሉ ሄደው በመጨረሻ ብርጋዴር ጄኔራልና የክብር ዘበኛ ጦር አዛዥ ለመሆን በቁ። ታናሹ ግርማሜ ግን ወደ መጻሕፍት አዘነበሉ።

ግርማሜ በመጀመሪያ የተማሩት በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። የልጅነት ዘመናቸው ከኢጣሊያ ወረራ ጋር ገጠመ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት ዓመታት ዘመናዊ ትምህርት ለኢትዮጵያውያን ልጆች ተቋረጠ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወዲህም ጠላት የተማሩ ኢትዮጵያውያንን እያሳደደ ገደላቸው። አገሪቱ ነፃነቷን ስትመልስ ጽሕፈት ቤቱን የሚሞላ፣ ሕጉን የሚያረቅ፣ ትምህርት ቤቱን የሚመራ የተማረ ሰው እጅግ አንሶ ተገኘ። ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ግርማሜም ትምህርታቸውን በዚያ ቀጠሉ።

እዚህ ላይ እውነቱን በሁለት ወገን ማየት ያስፈልጋል። በአንድ ወገን ግርማሜ ብሩህ አእምሮ የነበራቸው፣ በትጋታቸውም የታወቁ ተማሪ ነበሩ። በኮተቤ ከድኻ ቤተሰብ የመጡ ተማሪዎችም ስለነበሩ በሩ ለመኳንንት ልጆች ብቻ የተከፈተ ነበር ማለት አይቻልም። በሌላው ወገን ግን የታወቀ ቤተሰብ ልጅ መሆን መንገድ ያሳጥር ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስኪከፈት ድረስ በአገር ውስጥ የዲግሪ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ስላልነበረ ከፍተኛ ትምህርት የሚገኘው ውጭ አገር በመሄድ ነበር። የሚሄዱትን የሚመርጠው መንግሥት ነው። ተመራጮቹም ከመሄዳቸው በፊት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ይቀርቡ ነበር። በእንዲህ ያለ አሠራር የተማሪው ችሎታ ብቻ ሳይሆን የማን ልጅ መሆኑም መታየቱ አይቀርም። ከቡሬ ገጠር የሚነሣ ልጅ እንኳንስ በቤተ መንግሥት ሊቀርብ፣ እንዲህ ያለ ዕድል መኖሩንም የሚነግረው ሰው አያገኝም ነበር።

ግርማሜ ወደ አሜሪካ ተልከው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ከተማ በሚገኘው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በኮሎምቢያ ለጥናታቸው የመረጡት ርእስ ልብ ሊባል ይገባዋል። ያጠኑት ነጮች ሰፋሪዎች በኬንያ መሬት ስለ መያዛቸውና ይህም በአገሬው ሕዝብ ላይ ስላስከተለው ችግር ነው። በዚያን ጊዜ በኬንያ ለም የሆነው ደጋ መሬት ለአውሮፓውያን ሰፋሪዎች ተሰጥቶ፣ የአገሬው ገበሬ በገዛ አያቶቹ ምድር ላይ የቀን ሠራተኛ ወይም ጭሰኛ ሆኖ ነበር። በ1945 ዓ.ም. የማው ማው ትግል በመበርታቱ የእንግሊዝ መንግሥት በአገሪቱ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐውጆ ነበር። የሌላውን አገር የመሬት ጥያቄ ያጠና ሰው ወደ ገዛ አገሩ ሲመለስ ዓይኑ መሬትን ሳያይ አያልፍም። ግርማሜ በአሜሪካ ሳሉ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ማኅበርን በሊቀ መንበርነት መርተዋል። ስለ አገራቸው ኋላ ቀርነት ከጓደኞቻቸው ጋር መወያየት የጀመሩትም በዚያ ነበር።

በ1946 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥራ ያዙ። ከውጭ ተምሮ ለመጣ፣ ያውም ለሞጃ ልጅ፣ የተመቻቸ ኑሮ ቀርቦለት ነበር። በዚያን ዘመን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ብሂል እንደ ምክር ይነገር ነበርና ሹመትን ለራስና ለወገን መጠቀሚያ ማድረግ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። ግርማሜ ግን በዚህ መንገድ አልሄዱም። ከቀድሞ የኮተቤ ተማሪዎች ጋር እየተሰበሰቡ ስለ አገር ጉዳይ መወያየት ጀመሩ። ስብሰባው በመንግሥት ዘንድ ጥርጣሬን አሳደረ። ብዙም ሳይቆይ ግርማሜ ከአዲስ አበባ ርቀው በወላይታ አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ይህም በ1950 ዓ.ም. አካባቢ ነበር።

በወላይታ የጠበቃቸውን ችግር ለመረዳት የሁለት አገሮችን የመሬት ይዞታ ማነጻጸር ይጠቅማል። በጎጃም ገበሬ መሬት የሚያገኘው በርስት ነበር። በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከአቅኚው አባት መወለዱን ያስረዳ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። ግብሩ ቢከብድበትም፣ ክርክሩ ቢበዛበትም መሬቱ የወገኑ ነው። በወላይታና በሌሎች የደቡብ አውራጃዎች ግን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብዙው መሬት ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለሹማምንት ተሰጥቶ ነበር። የአገሬው ገበሬ ጭሰኛ ሆኖ ከምርቱ ለባለ መሬቱ ይከፍል ነበር። አንዳንዱ ባለ መሬት መሬቱን አይቶት አያውቅም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የመከሩን ድርሻ ይጠብቃል። መሬት የሌለው ገበሬ በተቸገረበት አካባቢ ሰፊ መሬት ሳይታረስ ጦም ያድር ነበር።

ግርማሜ ገዥ ሆነው ሶዶ እንደ ደረሱ መንገድና ትምህርት ቤት የማሠራት ሥራ ጀመሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያልታረሰ መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች እንዲከፋፈል ማድረጋቸው ነው። ይህ ድርጊት ባለ መሬቶችን እጅግ አስቆጣ። አቤቱታቸውም አዲስ አበባ ደረሰ። የሚያሳዝናቸውና የሚያስደንቃቸውም ይህን የሚያደርገው ከእነርሱው ወገን የተወለደ ሰው መሆኑ ነበር። ግርማሜም ስለ ድርጊታቸው ሲጠየቁ ገዥ የተሾመው ሕዝብን ሊያስተዳድር ስለሆነ የተራበን ሕዝብ ማስተዳደር እንደማይቻል አስረዱ። ማስረዳታቸው ግን ከቦታቸው ከመነሣት አላዳናቸውም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውል። ከድኻ ቤተሰብ የተወለደ የበታች ሹም ይህንኑ ሥራ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ዕጣው ወኅኒ ቤት በሆነ ነበር። ግርማሜን ግን ወገናቸው ጋሻ ሆናቸው። ቅጣታቸው ወደ ሌላ አውራጃ መዛወር ብቻ ሆነ። ስለዚህ የቤተሰባቸው ስም ለትምህርት እንዳበቃቸው ሁሉ፣ ለድኻው በቆሙ ጊዜም ከለላ ሆኖላቸዋል። እርሳቸውም ያንን ከለላ ለራሳቸው ምቾት ሳይሆን ከለላ ለሌላቸው ሰዎች ጥቅም አዋሉት።

የተዛወሩት ወደ ጅጅጋ ነው። ጅጅጋ ያገኙት ችግር ከወላይታው የተለየ ነበር። አርብቶ አደሩ ሕዝብ የሚፈልገው ከሁሉ አስቀድሞ ውኃ፣ ቀጥሎም ሕክምናና ትምህርት ነበር። ግርማሜ እነዚህን ለማቅረብ ተነሡ፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ከአዲስ አበባ ፈቃድና ገንዘብ መጠየቅ ነበረባቸው። ፈቃዱ ይዘገያል፤ ገንዘቡም አይመጣም። ባዩት ሁሉ አንድ አውራጃ ገዥ ምንም ቅን ቢሆን ከላይ ያለው አሠራር ካልተለወጠ ብዙ ሊሠራ እንደማይችል ወሰኑ። ከዚህ በኋላ ፊታቸውን ወደ መንግሥት ግልበጣ አዞሩ።

በዚህም ጉዳይ ላይ ቢሆን የቤተሰብ ነገር አልቀረም። ግርማሜ የራሳቸው ጦር አልነበራቸውም፤ የክብር ዘበኛ አዛዥ ግን ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። ግርማሜ ወንድማቸውን አሳመኑ። የጸጥታው ሹም ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ ሠራዊት አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡም ተባበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል በነበሩበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሚኒስትሮችና መኳንንት በጥሪ እየመጡ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታሰሩ። በማግሥቱ በአልጋ ወራሹ ድምፅ በሬዲዮ የተነገረው መግለጫ ኢትዮጵያ ነፃነታቸውን ገና ከተቀዳጁት የአፍሪካ አገሮች ወደ ኋላ መቅረቷን ገልጾ፣ ለገበሬውም ሆነ ለሌላው ሕዝብ የተሻለ ኑሮ እንደሚመጣ ተስፋ ሰጠ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ለውጡን ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

ነገር ግን የምድር ጦርና የአየር ኃይል ከአዲሱ መንግሥት ጋር አልቆሙም። በአዲስ አበባ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ድል እየራቀ በሄደ ጊዜ፣ ታኅሣሥ 7 ቀን፣ በገነተ ልዑል ታስረው በነበሩት ሰዎች ላይ ተኩስ ተከፍቶ ብዙዎቹ ተገደሉ። ከሞቱትም መካከል ራስ ሥዩም መንገሻና በጠላት ዘመን በአርበኝነት የታወቁት ራስ አበበ አረጋይ ይገኙ ነበር። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ በእጃቸው የሌለ፣ ፍርድ ያልተሰጠባቸው እስረኞች ነበሩ። ለድኻ መቆም ምንም ያህል ክቡር ቢሆን ይህን ግድያ ሊያጸድቀው አይችልም። የግርማሜን ሕይወት የሚያጠና ተማሪም ይህን ሳይሸፋፍን ሊያስታውስ ይገባል።

ታኅሣሥ 8 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማ ሸሽተው ለጥቂት ቀናት ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 15 ቀን 1953 ዓ.ም. ተከበቡ። ግርማሜ በዚያው ሞቱ፤ አስከሬናቸውም አዲስ አበባ ተወስዶ በአደባባይ ተሰቀለ። በከባድ ቆስለው የተያዙት ጄኔራል መንግሥቱም ለፍርድ ቀርበው መጋቢት 21 ቀን በስቅላት ተቀጡ። ግርማሜ ሲሞቱ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት በታች ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በታሪክ ውስጥ ከሚያጋጥሙት ግጥምጥሞሽ አንዱ ነው። ያ ደም የፈሰሰበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጠ። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በግቢው ተከፈተ፤ ኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። መኳንንት ብቻ ይገቡበት በነበረው በር ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የገበሬ ልጆች መግባት ጀመሩ። በ1957 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ብለው ሰልፍ የወጡትም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ግርማሜ በአንድ አውራጃ የጀመሩት ጥያቄ በእነርሱ አፍ የአገር ጥያቄ ሆነ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም የጭሰኝነትን ሥርዓት አስቀረ።

ታዲያ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? ማንም ሰው የሚወለድበትን ቤት አይመርጥም። ስለዚህ ከታወቀ ወይም ከሀብታም ቤተሰብ መወለድ ኃጢአት አይደለም። መጽሐፍ፣ መብራትና የጥናት ጊዜ በቤቱ ያገኘ ተማሪ እነዚህን አግኝቶ በመማሩ አይወቀስም። የሚወቀሰው ሌላ ነው። በአባቱ ሥልጣን ወይም በዘመድ አማላጅነት ለሌላው የሚገባውን ቦታ የሚወስድ ሰው የማያውቀውን ልጅ ይበድላል። የተበደለው ልጅ በአንድ ገጠር ውጤቱን ሲጠብቅ ይቀራል፤ ማን ቦታውን እንደ ወሰደበትም አያውቅም። በትምህርት ቤት ያለ ወንበር እንደ ርስት በትውልድ ቆጠራ የሚጠየቅ አይደለም።

በግርማሜ ዘመን የነበረው ምርጫ ይህን ሁለቱን የደባለቀ ነበር። ከችሎታቸው የመጣው የትኛው፣ ከስማቸው የመጣው የትኛው እንደ ሆነ ዛሬ መለየት አይቻልም። ምናልባት እርሳቸውም ሊለዩት ባልቻሉ ነበር። ከሥራቸው እንደምንረዳው ግን ያገኙትን ትምህርት እንደ ግል ሀብት ሳይሆን እንደ ዕዳ ቆጥረውታል። የተማሩበት ገንዘብ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ደጅ ካልደረሱ ገበሬዎች የተሰበሰበ ግብር ነበርና ዕዳው የእነዚያ ገበሬዎች ነው። በሶዶና በጅጅጋ ዕዳቸውን በሥራ ከፈሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግን በሌላው ሰው ሕይወት ሊከፍሉት ሞከሩ፤ ይህም ስሕተት ነበር።

ዛሬ በቡሬ ከተማ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። አንድ የዳሞት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል ለማየት እንደ ጥንቱ የብዙ ቀን መንገድ መጓዝ የለበትም። ሆኖም በሩ አሁንም ጠባብ ነው። የፈተና መልስ አስቀድሞ እየወጣ ፍትሕ በመጓደሉ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ከ890 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ወደ 30 ሺህ የሚጠጉት ብቻ ነበሩ። መልስ መግዛትና በዘመድ መግባት ሲከለከል ለሁሉ አንድ ሚዛን ይቀመጣል። ነገር ግን አንዱ ተማሪ በቤተ ሙከራ ተምሮ፣ ሌላው ቤተ ሙከራ አይቶ ሳያውቅ ለአንድ ፈተና ሲቀርቡ ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም የተጫነው ሸክም እኩል አይደለም።

ስለዚህ በሩን አልፈህ የምትገባ ተማሪ፣ ከገባህ በኋላ ወደ ኋላ መለስ ብለህ ተመልከት። ካንተ ጋር በአንድ መስክ ከብት የጠበቀው ጓደኛህ፣ እንጨት ለቅማ ውኃ ቀድታ ማታ በኩራዝ ያጠናችው እኅትህ እዚያው ቀርተው ይሆናል። ለእነርሱ ምን እንደምትመልስ ማሰብ የምትጀምረው ከዛሬ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርትና በዘመናዊው ትምህርት አጀማመር መካከል ጸሐፊው ያሳየው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በጎጃምና በወላይታ የነበረው የመሬት ይዞታ በምን ይለያያል?
3. የግርማሜ ቤተሰብ ስም በሕይወታቸው ውስጥ በስንት ጉዳይ ጠቀማቸው? ዘርዝሩ።

ለ. የሚከተሉትን ቃላት ፍቺ ከምንባቡ ተረድታችሁ ጻፉ፤ በየቃሉም አንድ ዐረፍተ ነገር መሥርቱ።
አኩፋዳ፣ ጥሪት፣ ርስት፣ ጭሰኛ፣ ከለላ፣ አማላጅነት

ሐ. በምንባቡ ውስጥ ነገር ግን፣ ስለዚህ፣ ይሁን እንጂ፣ ሆኖም ከሚሉት አያያዥ ቃላት የትኞቹን አገኛችሁ? የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች ጽፋችሁ የሚያያይዙት ሐሳብ ተቃራኒ ወይም ውጤት መሆኑን አስረዱ።

መ. ከቤተሰቡ ያገኘው ጥቅም ለተማሪ መቼ ተገቢ፣ መቼ ተገቢ ያልሆነ ይሆናል? በአካባቢያችሁ ካለው ኑሮ ምሳሌ እየጠቀሳችሁ በሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።